ደም ሳይቀዳ መድኃኒት መለካት፦ ሽቦው የሚችለውና የማይችለው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ደሴ ላይ በፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ እህት፣ ጫት የፌኒቶይንን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው) መጠን ደም ውስጥ ይቀይረው እንደሆነ በላብራቶሪ አይጦች ላይ ልታጠና አስባለች። አማካሪዋ በ12 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሚሊ ሊትር ደም እንድትቀዳ ነግረዋታል። አይጦቹ እንዳይሞቱባት ፈርታለች። «ደም ሳይቀዳ፣ ቀጭን ሽቦ ደም ሥር ውስጥ አስገብቶ መድኃኒቱን ብቻ የሚወስድ ዘዴ አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ያለን አንድ ኤችፒኤልሲ (ናሙናን ኮለም በሚባል ቱቦ አሳልፎ ውህዶቹን የሚለይ መሣሪያ) ነው፣ ያውም ከዩቪ ዲቴክተር (ውህዶቹን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ከሚያይ) ጋር። ደሴ ላይ ይሠራል? ለሕመምተኛስ ይሆናል?» ብላለች።

እህት ዓለም፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። መጀመሪያ እሱን በቁጥር እንየው። አይጥ በአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 64 ሚሊ ሊትር ደም አላት። 250 ግራም የምትመዝን ከሆነ ጠቅላላ ደሟ 16 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስምንት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ስትቀጂ 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሩብ ደሟን ወሰድሽ ማለት ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መመሪያ ግን በአንዴ ከጠቅላላው ደም ከ10 በመቶ በላይ አይወሰድ፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ትረፍ ይላል። ለአንቺ አይጥ ይህ 1.6 ሚሊ ሊትር ነው፣ በቃ።

ደግሞ አይጧ ባትሞትም ጣጣው አይቀርም። ደሟ ሲጎድል ግፊቷ ይወርዳል። ወደ ጉበቷ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። የጎደለውን ለመሙላት ከሰውነቷ ውሃ ወደ ደም ሥር ይገባና አልቡሚን የሚባለው የደሟ ፕሮቲን ይቀጥናል። ፌኒቶይንን የሚያስወግደው ጉበት፣ ተሸክሞት የሚዞረው ደግሞ አልቡሚን ነው። ስለዚህ መጨረሻ ናሙናዎችሽ ላይ የምታዪው የጫቱን ሥራ ይሁን የመርፌሽን ሥራ መለየት አትችይም። ይህንን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለአማካሪሽ አሳያቸው። ክርክር አያስፈልገውም፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ሽቦው። አዎ፣ አለ። ሶሊድ ፌዝ ማይክሮኤክስትራክሽን ይባላል፣ ባጭሩ ኤስፒኤምኢ። እ.ኤ.አ. በ1990 ያኑሽ ፓውሊሺን በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው ነው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ያለ ብክለት ለመለካት ነበር የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2003 የዚያው ቡድን ተመራማሪዎች ሽቦውን በካቴተር በኩል የቢግል ውሾች ደም ሥር ውስጥ አስገብተው ዳያዚፓምንና ሰውነት ከእሱ የሚሠራቸውን ሜታቦላይቶች ለኩ። የሰማሽው ወሬ ሥሩ እዚያ ነው።

ሽቦው ከፀጉር ወፈር ይላል። ብዙ ጊዜ ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ይሠራል፤ ታጥፎ ሲለቀቅ ተመልሶ ይቃናል። ጫፉ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ያህሉ ተለብጧል። ልባጡ እናንተ ኤችፒኤልሲ ኮለም ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ቅባታማ ነገር የሚስብ የሲ18 ብናኝ ነው። ብናኙን የሚያያይዘው ፖሊአክሪሎናይትራይል የሚባል ፖሊመር ነው። ይህ ፖሊመር ትልቅ ውለታ ይሠራል። ትንንሽ ሞለኪውሎችን ያሳልፋል፣ ፕሮቲንና የደም ሕዋስ ግን ወደ ብናኙ አያስጠጋም። እሱ ባይኖር ሽቦው በደቂቃዎች ውስጥ በፕሮቲን ይሸፈን፣ ደምም ይረጋበት ነበር።

መድኃኒቱ ለምን ወደ ልባጡ ይሄዳል? ወጥ ስትሠሪ የበርበሬው ቅላት ውሃውን ትቶ ዘይቱ ላይ ሲሰበሰብ አይተሻል። ፌኒቶይንም እንደዚያው ከውሃማው ደም ይልቅ ቅባታማውን ልባጥ ይመርጣል። ሽቦው ላይ የሚገኘው መጠን የሦስት ነገር ብዜት ነው፦ መድኃኒቱ ልባጡን ስንት እጥፍ እንደሚመርጥ፣ የልባጡ ይዘት፣ እና ደም ውስጥ ያለው የነፃ መድኃኒት ክምችት። ልብ በይ፣ የደሙ ብዛት ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ሽቦው የሚወስደው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ 16 ሚሊ ሊትር ደም ያላት አይጥም ሆነች አምስት ሊትር ያለው ሰው ለእሱ አንድ ነው። በሕይወት ባለ አካል ውስጥ መሥራት የቻለውም በዚሁ ነው።

«ነፃ መድኃኒት» ያልኩትን ግን በደንብ ያዢው፤ የዘዴው ትልቁ ዋጋ እሱ ነውና። ሰው ደም ውስጥ ካለው ፌኒቶይን 90 በመቶ ያህሉ አልቡሚን ላይ ተጣብቆ ይውላል። ወደ አንጎል ዘልቆ ሥራ የሚሠራው የቀረው 10 በመቶ ነው። እኛ በተለመደው መንገድ ደም ቀድተን፣ ፕሮቲኑን በአሲቶናይትራይል አርግተን ስንለካ የተጣበቀውንም ነፃውንም ደባልቀን ነው የምንቆጥረው። ሽቦው ነፃውን ብቻ ይቆጥራል።

ይህ የመጽሐፍ ወግ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ሰው ፌኒቶይን እየወሰደ ተለክቶ 8 ሚሊ ግራም በሊትር ሆነ እንበል። ተፈላጊው ከ10 እስከ 20 ነው። ዝቅ ብሏል ተብሎ ሊጨመርለት ነው። ግን ሰውዬው በምግብ እጥረት ተጎድቶ አልቡሚኑ በዴሲ ሊትር 2 ግራም ላይ ወርዷል። ሼይነርና ቶዘር ያወጡት የማስተካከያ ቀመር አለ። አልቡሚኑን በ0.2 ታበዢና 0.1 ትደምሪያለሽ፣ የተለካውንም ለዚያ ታካፍያለሽ። 8 ለ0.5 ሲካፈል 16። ሰውዬው እኮ በቂ መድኃኒት አለው! ቢጨመርለት መንገዳገድና የዓይን መርገብገብ ይጀምረዋል። ፌኒቶይንን የሚያስወግደው ኢንዛይም ቶሎ ስለሚጠግብ፣ ትንሽ የተጨመረች ክኒን ደም ውስጥ ያለውን በብዙ ታዘልለዋለች። ድርቅ በሚያጠቃው ሰሜንና ደቡብ ወሎ ለምንሠራ ሰዎች፣ አልቡሚን ሳያዩ ፌኒቶይንን መተርጎም ያስፈራል። ቀመሩ ደግሞ ግምት ነው። ነፃውን በቀጥታ የሚለካ ነገር ማግኘት ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሽቦውን ግዢና ጀምሪ ልበልሽ? አልልሽም። ምክንያቱን በአንቺው መሣሪያ ላሳይሽ።

ነፃው ፌኒቶይን 1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው እንበል። ይህ ማለት በአንድ ማይክሮሊትር 1 ናኖግራም ነው። 200 ማይክሮሜትር በሆነ ሽቦ ላይ 45 ማይክሮሜትር የሚወፍር፣ 15 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ልባጥ ይዘቱ ግማሽ ማይክሮሊትር ገደማ ነው። ፌኒቶይን ልባጡን 100 እጥፍ ይመርጣል ብለን እንያዝ። ሚዛኑ እስኪደርስ፣ ማለትም ልባጡ የሚይዘውን ሁሉ እስኪይዝ ብትጠብቂ 50 ናኖግራም ይያዛል። ግን መድኃኒቱ በየደቂቃው እየተለዋወጠ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ልታቆዪው አትችይም። በዚያ ጊዜ አንድ አሥረኛው ቢያዝ 5 ናኖግራም አገኘሽ። ሽቦውን በውሃ ለቅለቅ አድርገሽ በ100 ማይክሮሊትር ሜታኖል ታራግፊዋለሽ። ከእሱ 20 ማይክሮሊትር ስትወጊ ወደ ኮለሙ የገባው 1 ናኖግራም ነው። ለዩቪ ይህ አፋፍ ላይ መቆም ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናሙናሽ፣ መጠኑ ዝቅ የሚልባቸው፣ ከመሣሪያው ጩኸት (ያለ ናሙናም ከሚታየው የመስመር መንቀጥቀጥ) አይለዩም። እነዚህን ሥራዎች የሠሩ ቤተ ሙከራዎች ሁሉም ለማለት ይቻላል ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነበራቸው።

ሁለተኛው ችግር ካሊብሬሽኑ ነው፣ ማለትም ሽቦው የያዘውን ወደ ደም ውስጥ መጠን መመለሱ። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራውም ይህንን ነው። ሽቦው ሚዛን ሳይደርስ ስለሚወጣ፣ የያዘው መጠን ደሙ በሚፈስበት ፍጥነት ይወሰናል። ጫት የበላች አይጥ ልቧ ይፈጥናል፣ ደሟም እንደዚያው። እንግዲህ ሽቦሽ ብዙ መድኃኒት ይዞ ቢወጣ፣ መድኃኒቱ በዝቶ ነው ወይስ ደሙ ፈጥኖ? ፓውሊሺንና ባልደረቦቹ ለዚህ ብልህ መላ አግኝተዋል። ሽቦውን ከማስገባት በፊት በዲዩቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) የተመረተ፣ ከመድኃኒቱ ጋር መንታ የሆነ ሞለኪውል ያስይዙታል። መድኃኒቱ በሚገባበት ፍጥነት መንታው ይወጣል። የቀረውን መንታ ቆጥረሽ ሽቦው ወደ ሚዛኑ ምን ያህል እንደተጠጋ ታውቂያለሽ። ፍጥነቱም ተስተካከለ። ነገር ግን መንታዎቹን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ብቻ ነው። ለዩቪ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሦስተኛው የደሴ ብርድ ነው። የካሊብሬሽን ደምሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ በክፍሉ ሙቀት ብትሠሪ፣ የአይጧ ደም ግን 37 ዲግሪ ላይ ነው። ሙቀት ሲቀየር መድኃኒቱ ልባጡን የሚመርጥበት መጠንም፣ ከአልቡሚን ጋር የሚጣበቅበት መጠንም ይቀየራል። ሁለቱ ስሕተቶች ተደራርበው ይመጣሉ። የውሃ መታጠቢያው 37 ላይ መሆን አለበት፤ መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ካሊብሬሽን አለቀለት።

የደም ሥሩም ጠባብ ነው። በውሻ ቀላል የሆነው በአይጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። አንገቷ ላይ ባለው ካሮቲድ የደም ቧንቧ ቱቦ ገብቶ፣ ሽቦው በቱቦው በኩል ነው የሚገባው። ይህንን እጅሽ ሳይለምድ በተመራቂ ጽሑፍ ጊዜ መጀመር አይጦችን መጨረስ ነው።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ደም እቀዳለሁ፣ ግን ጥቂት። ከጭራዋ ደም ሥር በሄፓሪን ካፒላሪ (ደም እንዳይረጋ መድኃኒት በተቀባ ቀጭን ቱቦ) 60 ማይክሮሊትር ብቻ። ስምንት ጊዜ 480 ማይክሮሊትር ነው፣ ከጠቅላላ ደሟ 3 በመቶ። አይጧ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ከ60ው ሴንትሪፊውጅ አድርገሽ 25 ማይክሮሊትር ፕላዝማ (ከደም ሕዋስ የተለየውን ፈሳሽ) ታወጫለሽ። ሽቦውን ሳይሆን የእሱን ዘመድ ተጠቀሚ፤ ሜፕስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ስዊድን ውስጥ መሐመድ አብደል ረሂም የሠራው ነው። ተራ ሲሪንጅ ነው፣ አንገቱ ላይ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ግራም የሚሆን ሲ18 ተቀምጦበታል። በእጅ ይሠራል። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሲሪንጁን በ100 ማይክሮሊትር ሜታኖል፣ ከዚያ በ100 ማይክሮሊትር ውሃ ታዘጋጂዋለሽ። 25 ማይክሮሊትር ፕላዝማውን በ100 ማይክሮሊትር ውሃ ታቀጥኝዋለሽ፤ ሳይቀጥን ከገባ ሲሪንጁ ይደፈናል። ኢንተርናል ስታንዳርድ (በሥራው ላይ የሚጠፋውን ለማካካስ መጠኑ ታውቆ የሚጨመር ውህድ) አስቀድመሽ ጨምሪ፤ ለፌኒቶይን ኤምፒፒኤች የሚባለው የቅርብ ዘመዱ የተለመደ ነው። ከዚያ ቀስ ብለሽ አምስት ጊዜ ሳቢ፣ አምስት ጊዜ ግፊ። እዚህ ጋ መቸኮል የለም። አውራ ጣትሽ ከፈጠነ መድኃኒቱ ሳይያዝ ያልፋል፣ ውጤትሽም ከናሙና ናሙና ይዋዥቃል። 5 በመቶ ሜታኖል ባለው ውሃ አጠቢ። በመጨረሻ በ50 ማይክሮሊትር ሜታኖል አውጪው፤ 50 ማይክሮሊትር ውሃ ጨምሪበት፤ ንጹሕ ሜታኖል ብቻ ብትወጊ ፒኩ (መድኃኒቱ ሲወጣ መሣሪያው የሚስለው ጉብታ) ይበላሻል። ፕላዝማው 10 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን፣ ሁሉም ከወጣልሽ በ20 ማይክሮሊትር ውስጥ 50 ናኖግራም ወደ ኮለሙ ገባ። በሽቦው 1 ናኖግራም ነበር። ለአንቺ ዲቴክተር ሰማይና ምድር ነው። ሲሪንጁን ደጋግመሽ ትጠቀሚበታለሽ፤ ብቻ ከፍተኛ ናሙና ካለፈ በኋላ ባዶ አሳልፈሽ ትራፊ እንዳልቀረ እዪ።

ሜፕስ ካልተገኘስ? 25 ማይክሮሊትር ፕላዝማ በ75 ማይክሮሊትር አሲቶናይትራይል አርግተሽ መውጋትም ይቻላል። ፌኒቶይን በሚሊ ግራም የሚቆጠር መድኃኒት ነውና መጠኑ አያንስሽም። ጫት ባይኖርበት ይህንኑ እመክርሽ ነበር። ጫቱ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ፌኒቶይንን ዩቪ ላይ የምታዪው ብዙ ጊዜ በ210 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ የማይታይ ነገር የለም። የጫቱ ታኒንና ሌላውም ውህድ ደም ውስጥ ገብቶ ፒክሽ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ባዶ ፕላዝማሽ (መድኃኒቱ የሌለበት ማነጻጸሪያሽ) ከጤነኛ አይጥ ብቻ እንዳይሆን። ጫት ብቻ ከተሰጣት፣ ፌኒቶይን ካልወሰደች አይጥ ይሁን። ይህ ቁጥጥር የሌለው ጥናት ሲቀርብ እኔ ከዚያ በላይ አላነብም።

ስለ ጫቱ ካነሳን ሁለት ነገር ልጨምር። ጫት ሆድን ያዘገያል፤ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። መድኃኒቱም አብሮ ይዘገያል። የደም መጠኑ ከፍተኛው ላይ የሚደርስበት ሰዓት ስለሚዘገይ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች አብዢ፦ በ15 ደቂቃ፣ በ30 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት፣ በ2 ሰዓት። ከዚያ 4፣ 6፣ 8፣ 12። በሁለት አይጥ ሞክረሽ ሰዓቶቹን አስተካክዪ። ሁለተኛ፣ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ጫት የተሰጣቸው ካልበሉ የምታወዳድሪው ጫትና ጫት አልባን ሳይሆን የራበውንና የጠገበውን ነው። ጫት ያልወሰዱትም ጫት የወሰዱት የበሉትን ያህል ብቻ ይስጣቸው።

ጥያቄሽ ራሱ ጥሩ መሆኑን ግን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን የወሰዱ ሰዎች መድኃኒቱ በደንብ እንዳልገባላቸው አሳይቷል። በአሞክሲሲሊን ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስ ያለ ነበር። ደሴ ላይ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ የማታ ክኒኑን እዚያው የሚውጥ ስንት ሰው አለ! የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ የሚያስከፍለው ዋጋ ትልቅ ነው።

ነፃውን መጠን መተው የለብሽም። በ12ኛው ሰዓት ጥናቱ ሲያልቅ፣ በማደንዘዣ ሥር ከእያንዳንዷ አይጥ አንድ ትልቅ ናሙና ታገኛለሽ። ፕላዝማውን ፕሮቲን በማያሳልፍ የ30 ኪሎዳልተን ማጣሪያ በ37 ዲግሪ አጣሪው። ከማጣሪያው ያለፈው ነፃው ነው። በብርድ ብታጣሪ ነፃው ከእውነቱ አንሶ ይታይሻል። ሽቦው ከናፈቀሽ እዚህ ጋ አምጪው፦ በጠርሙስ ውስጥ ባለ የአይጥ ደም ላይ፣ በ37 ዲግሪ፣ ሚዛን እስኪደርስ አቆይተሽ ከማጣሪያው ውጤት ጋር አወዳድሪው። ጊዜ አያስጨንቅሽም፣ ፍሰት አያስጨንቅሽም፣ የሚያዘውም 50 ናኖግራም ስለሆነ ዩቪሽ ያየዋል። አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

በሕይወት ባለ እንስሳ ሽቦውን መሞከር የምር ከፈለግሽ አይጥን ትተሽ በግ ያዢ። የእንስሳት ሕክምና ባልደረቦችሽን ጠይቂ። ከሰኞ ገበያ የተገዛ በግ የአንገቱ ደም ሥር በጣትሽ ይዳሰሳል። ሮዟ 20 ጌጅ ካኑላ ትገባለች፣ ሽቦውም በእሷ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል። ጎን ለጎን ደምም እየቀዳሽ ማወዳደር ትችያለሽ፤ በግ ደም አያጥረውም። ይህ ግን ሌላ ፕሮጀክት፣ ሌላ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ እና ናሙናውን የሚያነብ ማስ ስፔክትሮሜትር ያለው አጋር ይፈልጋል።

ማይክሮዳያሊሲስ የሚባልም አለ፤ ከሽቦ ይልቅ ቀዳዳማ ቱቦ ገብቶ ፈሳሽ ይዘዋወርበታል። ለአንጎል ጥናት ምርጥ ነው። ፓምፕ ይፈልጋል፣ ቅባት ወዳድ መድኃኒት ቱቦው ላይ ይቀርበታል። ለአንቺ አይሆንም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለ ሕመምተኛ ነበር። ሽቦው እስካሁን ለዕለት ተዕለት ሕክምና አልገባም። በአሳማ ሳንባና ጉበት ላይ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ተሞክሯል፤ የካንሰር መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን ሳንባው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ለማየት። እዚያ ላይ ቦታው ይታየኛል፤ ሥጋ ቆርጦ ከመውሰድ ሽቦ ሰክቶ ማውጣት ይሻላል። የሚጥል በሽታ ላለበት የገጠር ሰው ግን ወረቀት ላይ የሚደርቅ የደም ጠብታ ይቅደም። ሮበርት ጋትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕፃናት ምርመራ ያስለመደው ነው። ጣት ተወግቶ ጠብታው ወረቀት ላይ ይደርቃል፣ ፖስታ ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ጋር ይገባል። በረዶ አያስፈልገውም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀዘቀዘ ፕላዝማ በአውቶቡስ ልኮ ቀልጦ ደረሰ የተባለ ሰው የዚህ ጥቅም ይገባዋል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ደም ማነስ ያለበት ሰው ደሙ ቀጭን ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ሰፋ ብሎ ይሄዳል። 3 ሚሊ ሜትር ክብ ስትቆርጪ ያነሰ ደም ይደርስሻል፣ መድኃኒቱም ያነሰ ይመስላል። 10 ወይም 20 ማይክሮሊትር በልኩ የሚመጥጡ አዲሶቹ ዘንጎች ይህንን ያስተካክላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከወረቀቱ ጋር አይወዳደርም። በሁለቱም የሚለካው ሙሉው ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፣ ነፃው አይለይም። አልቡሚኑን አብረሽ ለኪ።

ለአሁኑ የኮለምሽን ርዝመትና የብናኙን መጠን፣ ሞባይል ፌዝሽንም (በኮለሙ የምታሳልፊውን ፈሳሽ) ጻፊልኝ። ፌኒቶይንና ኤምፒፒኤች በዚያ ኮለም ላይ የሚለያዩበትን ሁኔታ አብረን እናወጣዋለን። አይጥ ከመግዛትሽ በፊት ይሁን።